ጋሽ ማተሚያ መኪና ሲመርጡ

ማክሰኞ ጠዋት ነበር። የእህቴ ልጅ በመኪናዋ ወደ መጻሕፍት ቤት ልታደርሰኝ ይዛኝ ስትሄድ፣ ድልድዩን እንዳለፍን አንድ መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ዳር ይዞ ቆሞ አየን። እንፋሎቱ ክዳኑ እንደተነሣ ድስት ይትጎለጎላል። አጠገቡ ኮትና ከረባት ያደረጉ ሽማግሌ በኮፍያቸው ያራግቡታል። ሞተር በኮፍያ እንደማይበርድ ጠፍቷቸው አይመስለኝም፤ እጃቸው ሥራ ፈትቶ እንዳይታይ ነው እንጂ።

«ምን እንርዳዎት አባባ?» አለች የእህቴ ልጅ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ።

«ምንም አይደል ልጄ፤ ትንሽ ሞቆት ነው። አሁን ይነሣል።»

«አይነሣም!» የሚል ድምፅ ከኋላ ወንበር መጣ። ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ እናት ናቸው፤ የሽማግሌው ባለቤት። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የኩላሊት እጥበት ቀጠሮ አለኝ። ቦታ ካላችሁ እኔን ውሰዱኝ። እሱ እዚሁ ከመኪናው ጋር ይቅር፤ ይወደው የለ!»

ሁለቱንም ወሰድናቸው። በመንገድ ላይ እንደተረዳነው እናትየዋ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ያህል ከማሽን ጋር ተያይዘው ደማቸው ይታጠባል። ማሽኑ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ያረፈደ ሰው ያረፈደው ጊዜ ከራሱ ሰዓት ላይ ይቀነሳል፤ ከእሱ ቀጥሎ ሌላ በሽተኛ ወረፋ ይዟልና። በዚያን ዕለት እናትየዋ ግማሽ ሰዓት ጎደለባቸው። ነርሷ ያበጠውን ቁርጭምጭሚታቸውን በጣቷ ጫን አድርጋ ስታየው፣ የተጫነው ቦታ ሰርጎድ ብሎ ቀረ። ሽማግሌው ያንን አዩና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

እንግዲህ ሰዎቹን ላስተዋውቅ። ሽማግሌው ሠላሳ አምስት ዓመት በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ፣ ማለትም የሚታተመውን ጽሑፍ በእርሳስ ፊደል ደርዳሪ፣ ሆነው ሠርተው በጡረታ የወጡ ናቸው። በሆስፒታሉ ከዘበኛው እስከ ሐኪሙ «ጋሽ ማተሚያ» ይሏቸዋል። የእህቴን ልጅ ደግሞ በቤታችን «ጠያቂዋ» እንላታለን። በሸማቾች ማኅበር ውስጥ ተቀጥራ ሰዎች ቤት እየደወለች ስለ ማቀዝቀዣቸው፣ ስለ ልብስ ማጠቢያቸው፣ ስለ መኪናቸው ስትጠይቅ ነው የምትውለው። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥራዬ ከማዳመጥ እምብዛም አያልፍም።

እናትየዋ ከማሽኑ ጋር እስኪያያዙ ሦስታችን መጠበቂያው ክፍል ውስጥ እርስ በርሳቸው በብሎን በታሠሩት የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተቀመጥን።

«ይህን ዓይነት መኪና ስይዝ ሦስተኛዬ ነው» አሉ ጋሽ ማተሚያ ማንም ሳይጠይቃቸው። «አሁንማ አርጅቷል። የፊታችን ቅዳሜ የዚያኑ ዓይነት አዲሱን እወስዳለሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፣ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አምስት።»

«አምስት ዓመት ለመኪና እርጅና ነው?»

ጋሽ ማተሚያ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አንድ ዙር አዞሩ።

«እንደ መድፈር አይቁጠሩብኝ» አለች ጠያቂዋ። «ማኅበራችን በየዓመቱ የሚያወጣው መጽሔት አለ። ብዙ ሺህ ባለመኪኖችን ጠይቀን፣ የትኛው መኪና በየትኛው ዕቃው እንደሚያስቸግር በኮከብ ደረጃ እናወጣለን። ከመግዛትዎ በፊት እሱን ቢያዩት ምን ይመስልዎታል?»

ሽማግሌው ሳቁ። «ልጄ፣ ለእኔ ስለ ታተመ ነገር አታውሪልኝ! ‹የዓመቱ ምርጥ መኪና› የሚለውን ርዕስ በትልልቅ ፊደል የደረደርኩት እኔ ነኝ። ጽሑፉን ያመጣው ማን መሰለሽ? መኪና ሻጩ ራሱ! የጻፈው ሰው እንኳን ሊነዳው መንጃ ፈቃድም አልነበረውም። እንዲያውም አንድ ጊዜ ‹ምርጥ› የሚለውን ‹ምርት› ብዬ ለቀምኩት፤ እርማት ላይም ሳይታይ አለፈ። ‹የዓመቱ ምርት መኪና› ተብሎ ወጣ። አንድ አንባቢ እንኳ ‹ይሄ ምንድን ነው?› አላለም።»

እውነቱን ለመናገር በዚህ ጊዜ ልቤ ወደ ሽማግሌው አደላ። የታተመ ሁሉ እውነት ይመስለን የነበርን ስንቶች ነን!

ጠያቂዋ ግን አልተቆጣችም። «ልክ ነዎት። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ዛሬም ሞልቷል። ስለዚህ ማንም ሰው ደረጃ ሲያሳይዎት አስቀድመው ‹ለዚህ ማን ከፈለ?› ብለው ይጠይቁ። የእኛ ማኅበር ከመኪና ሻጮች ማስታወቂያ አይቀበልም፤ የሚተዳደረው በአባላቱ መዋጮ ነው። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ያልተከፈለውም ሰው ይሳሳታል።»

«እሺ፣ እሱን ተይው። እኔ መካኒኬን አምናለሁ። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ነው። ብዙ ሰው ‹ይሻላል› የሚለውን ያንን ሌላውን ዓይነት መኪና አንስቼበት ‹ኧረ በስማም! ጋራዤ የሞላው በእሱ ነው› አለኝ። እሱ በዓይኑ ያየውን ትቼ የአንቺን ኮከብ ልቁጠር?»

«በከተማው ውስጥ በብዛት ያለው መኪና የትኛው ነው አባባ?»

«እሱው ነው መሰለኝ።»

«ታዲያ ጋራዡንም በብዛት የሚሞላው እሱው አይሆንም? መካኒኩ የተበላሸውን እንጂ ሳይበላሽ በየመንገዱ የሚሄደውን አያይም። አሁን እዚህ በር ላይ ያሉትን ዘበኛ ይመልከቷቸው። ጠዋት ማታ የሚያስገቡት የኩላሊት በሽተኛ ነው። ከዚህ በር ሌላ የማያውቁ ቢሆን ኖሮ፣ ዓለም ሁሉ ኩላሊቱን የታመመ አይመስላቸውም ነበር?»

ጋሽ ማተሚያ ወደ ዘበኛው ዞር ብለው አዩ። ዘበኛው የሚታሙ መስሏቸው ቀበቷቸውን አስተካከሉ።

«እሱስ እውነት ነው» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። ወዲያው ግን ሌላ ምሽግ ያዙ። «ነገር ግን ዋናውን አልነገርኩሽም። ሰው ይዋሻል። በገዛ ገንዘቡ የገዛውን መኪና ማን ክፉ ይላል? ደውለሽ ስትጠይቂው ያሞግሰዋል። እናንተም ያንን ሙገሳ ደምራችሁ ኮከብ ትሉታላችሁ። ይህን በደንብ ነው የማውቀው።»

«እንዴት አወቁ?»

ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ነርሷ ብቅ አለችና «ጋሽ ማተሚያ፣ ባለቤትዎ ይጠሩዎታል። እንግዶችዎም ለአጭር ጊዜ መግባት ይችላሉ» አለች።

እናትየዋ ትራሱን ደገፍ ብለው፣ ክንዳቸው በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ከማሽኑ ጋር ተያይዞ አገኘናቸው። ማሽኑ አልጋው አጠገብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይዞራል።

«ምንድን ነው የምትከራከሩት? ድምፃችሁ እስከዚህ ይሰማል።»

«ምንም አይደል። ሰው ስለ መኪናው ሲጠየቅ ይዋሻል እያልኳት ነው» አሉ ባል።

እናትየዋ ወደ ጠያቂዋ ዞሩ። «በዚህስ እመኚው ልጄ፤ ያውቃል። ባለፈው ዓመት ከሸማቾች ማኅበር አንዲት ሴት ደውላ ስለ መኪናው ጠየቀችው። ጆሮው ስለሚከብደው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው ስልክ የሚያወራው፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። ‹ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት መንገድ ላይ ቆሞብዎት ያውቃል?› ትለዋለች። ‹በፍጹም! እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው!› ይላታል። በዚያው ሳምንት እኮ በዝናብ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ጥሎን ነበር!»

በወዲያኛው አልጋ ያሉት ሰውዬ እንኳ ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ። የሽማግሌው ፊት እንደ ልጅ ቀላ።

«አንተ ሰውዬ፣ እስቲ ለምን እንደዋሸሃት ዛሬ ንገረኝ» አሉ ሚስት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ጋሽ ማተሚያ የአልጋውን ብረት ያዙ። «የመረጥኩት እኔ ነኝ። ወንድሞችሽ ሁሉ ‹ተው፣ ይሄ ዓይነቱ እየባሰበት ሄዷል› ሲሉኝ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ‹አዎ፣ ይቆማል› ካልኳት፣ አንቺን እዚህ የማመጣሽ በሚቆም መኪና ነው ማለት ነው። ይህን በገዛ አፌ ለማላውቃት ሴት መናገር አቃተኝ።» «ለራሴም መናገር አቅቶኝ ነበር» ብለው ጨመሩ።

እናትየዋ ነፃ በሆነው እጃቸው የባላቸውን እጅ ያዙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገንዝብ። በክርክር ያሸነፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ድሉን በሰው ፊት ይቆጥራል። ጠያቂዋ ያንን አላደረገችም። ወንበር ስባ ለሽማግሌው አቀረበችና እሷ ቆማ ቀረች።

«አሁን ገባሽ?» አሏት ጋሽ ማተሚያ ከተቀመጡ በኋላ። «ደረጃውን የማላምነው ሌላውን ንቄ አይደለም። እኔ ራሴ ምን እንዳልኩ ስለማውቅ ነው። እንደ እኔ ያለ ሰው ቃል የተደመረበትን ነገር እንዴት ልመን?»

«ትክክለኛ ጥያቄ ነው አባባ። የምመልስልዎትም እኛ ስንሠራ እንደምናስበው ነው። የሚኮሩት እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ በየዓይነቱ መኪና የሚኮራ ባለቤት አለ። ኩራቱ በሁሉም ላይ ከተጨመረ፣ አንዱን ከሌላው ማነጻጸር ብዙም አያስቸግርም። ‹መኪናዎ ጥሩ ነው ወይ?› ብለንም አናቆምም፤ ምን ዕቃ እንደተቀየረ፣ በስንተኛው ወር እንደሆነ እንጠይቃለን። ሰው ‹ጥሩ ነው› ለማለት ይፈጥናል፤ ‹ራዲያተር ቀይሬያለሁ› የሚለውን ግን መካድ ይከብደዋል።»

«ራዲያተሩን እኔም ተናግሬያለሁ» አሉ ሽማግሌው። «‹ለጥንቃቄ ብዬ ቀየርኩት› አልኳት።»

«አያችሁ!» አሉ ሚስት።

«ይህም ሆኖ ፍጹም ነው አልልዎትም» አለች ጠያቂዋ። «ባለቤቱ ከሌላው ይልቅ አብዝቶ የሚኮራበት መኪና ይኖራል። ስለዚህ በትንሽ ልዩነት አይወስኑ። አራት ኮከብና አራት ተኩል ለእኔ አንድ ናቸው። ሁለትና አምስት ግን አንድ አይደሉም። የእርስዎ ዓይነት መኪና ባለፉት ሦስት ዓመታት በሞተር ማቀዝቀዣው ክፍል ስንት ኮከብ እንዳገኘ ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ።»

«ሁለት።»

«ሁለት? ከነውሸቴ?»

«ከነውሸትዎ ሁለት።»

«እኔን ከመሰሉት ሁሉ ውሸት ጋር?»

«ከሁላችሁም ጋር ተደምሮ።»

እናትየዋን ሳቅ አፈናቸው። ክንዳቸው ሲንቀጠቀጥ ማሽኑ ጲጵ ጲጵ ብሎ ጮኸና ነርሷ እየሮጠች መጣች። «ምን ሆኑ?» ስትል ደንግጣ፣ ጋሽ ማተሚያ «ምንም አልሆነች። እኔ መኪና አላውቅም ተብዬ ነው» አሏት። እሳቸውም ሳቁ። ምሽጉ የተለቀቀው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ከመውጣታችን በፊት ጠያቂዋ አንድ ነገር ብቻ ጨመረች። «የእርስዎ መልስ ብቻውን ኮከቡን ከፍ አላደረገውም። ግን እንዲያ ያሉ መቶ ሰዎች ቢሆኑ ያደርጉታል። ያንን ኮከብ አይቶ የሚገዛው ደግሞ ምናልባት እሱም ሚስቱን ወደዚህ የሚያመላልስ ሰው ነው።» ሽማግሌው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቅዳሜ፣ አዲሱን መኪና ሊወስዱ ባሰቡበት ቀን፣ መጽሔቱን ይዘን ቤታቸው ሄድን። ጠያቂዋ መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ «ይህ ነው፤ በሁሉም አምስት ኮከብ» ብላ አንዱን አዲስ መኪና በጣቷ አሳየች። ጋሽ ማተሚያ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። እኛ ኮከቡን የሚቆጥሩ መስሎን ነበር፤ እሳቸው ግን ከገጹ ግርጌ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ እያነበቡ ነው።

«ልጄ፣ ይህን አይተሽዋል? ‹መኪናው አዲስ ስለሆነ በቂ ባለቤት አልተጠየቀም፤ ደረጃው ከቀድሞው ሞዴል በመነሣት የተገመተ ነው› ይላል።»

ጠያቂዋ ጎንበስ ብላ አነበበች። አሁን በተራዋ እሷ ቀላች። «አላየሁትም። በራሴ መሥሪያ ቤት መጽሔት!»

«ምንም አይደል። ጽሑፉን የሚያሳትመው ሰው እንዲነበብበት የማይፈልገውን በዚህ መጠን ፊደል ነበር የሚያስለቅመን። የእናንተ ማኅበር ግን ሳይጠየቅ እውነቱን ማስፈሩ አስደስቶኛል።» ገጹን ገለጥ አደረጉ። «እዚህ ደግሞ ባዶ ሣጥን አለ። ይህስ ምንድን ነው?»

«የመለሱልን ሰዎች ጥቂት ሲሆኑ ሣጥኑን ባዶ እንተወዋለን።»

«ጎሽ! ባዶ የሚተው ሰው የሞላውንም አስቦበት ነው የሞላው።»

ከዚያች ሰዓት ወዲያ መምህርና ተማሪ ተለዋወጡ ማለት ይቻላል። ሽማግሌው በየመሥመሩ እየጠየቁ እንደ እርማት ወረቀት መረመሩት። አንዱ መኪና ኮከቡ ዝቅ ያለው በሬዲዮውና በመስኮት ማንሻው ምክንያት መሆኑን ደረሱበት፤ ሞተሩና ማቀዝቀዣው ግን ጤነኛ ነበር። «እኔ ዘፈን ለመስማት አይደለም የምነዳው» አሉ። ሌላው ደግሞ በአንድ ዓመት ምርቱ ብቻ ካምቢዮው ይሰበር ነበር፤ የሚቀጥለው ዓመት ተስተካክሏል። መጨረሻ ላይ ሦስት ዓመት ያገለገለ፣ ብዙ ባለቤቶች የመሰከሩለትን ዓይነት መረጡ።

«ይህ ማለት አሁን ሄደው ያገኙትን ይገዛሉ ማለት አይደለም» አለች ጠያቂዋ። «መጽሔቱ የሚናገረው ስለ ዘሩ ነው። በር ላይ ስለሚቆመው ስለዚያ አንድ መኪና ምንም አያውቅም።»

ይህም ብዙ አልቆየም፤ በዓይናችን አየነው። በሚቀጥለው ሳምንት ያገኙት የመጀመሪያው መኪና የተመረጠው ዓይነት ነበር። ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ሻጩም አንደበቱ ማር ነው። ጋሽ ማተሚያ ኮከቡን አስታውሰው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። እኔና ጠያቂዋ ግን አስቀድሞ መካኒኩ እንዲያየው ለመንናቸው። ያ የሃያ ዓመት መካኒክ ከሥር ገብቶ በባትሪ ካየ በኋላ «ጋሼ፣ ይህ ተጋጭቶ የተበየደ ነው። የግራ ጎኑ የሌላ መኪና ነበር» አላቸው። ሁለተኛውን መኪና አገላብጦ አይቶ፣ ነድቶም ሞክሮ «ይህንን ይውሰዱ» ያለው እሱ ራሱ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን እንደ መምህር ልሰብስበው። መካኒኩ አንዷን መኪና ያውቃል፤ ብዙዎቹን አያይም። መጽሔቱ ብዙዎቹን ያውቃል፤ አንዷን አያይም። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ሊታለል ይችላል፤ ሁለቱን የያዘ ግን ከሞላ ጎደል ዓይኑ በርቷል። ማን እንደከፈለ፣ ስንት ሰው እንደተጠየቀ፣ ምን ተብሎ እንደተጠየቀ መርምሮ የሚያነብ ሰው ደረጃን ማመኑ ሞኝነት አይደለም። ተራው ደርሶ ሲጠየቅ እውነቱን የሚመልስ ሰው ደግሞ ለማያውቀው ጎረቤት ውለታ ዋለ። ጋሽ ማተሚያ ዛሬ አንድ ሰው «አዲሱ መኪና እንዴት ነው?» ሲላቸው ከእንከኑ ነው የሚጀምሩት። «የኋላ በሩ ሁለቴ ካልተገፋ አይዘጋም» ይላሉ በኩራት።

ከስምንት ወር በኋላ እናትየዋን በሆስፒታሉ መጠበቂያ አገኘኋቸው። በነዚህ ሁሉ ወራት አንድ ቀን እንኳ አላረፈዱም። የእግራቸው እብጠት ጎድሏል፤ ጫማቸውን ራሳቸው ያስራሉ።

«መኪናው ተስማማዎት እማማ?» አልኳቸው።

«ከሁሉ የተስማማኝን ልንገርዎት?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በፊተኛው ስንሄድ ዓይኔን ጨፍኜ ሞተሩን ነበር የማዳምጠው። ትንሽ ድምፁ ሲለወጥ ልቤ ዘሎ አፌ ላይ ይመጣል። እሱ እንዳያዝን ብዬ ግን የተኛሁ እመስል ነበር። አሁን ግን እውነቴን ነው የምተኛው። እዚህ በር ላይ ደርሰን፣ ‹ተነሺ፣ ደርሰናል› ብሎ ነው የሚቀሰቅሰኝ።»